ማሽኑን ከመክፈትዎ በፊት፦ ለበያጆችና ለብየዳ ቤቶች የደኅንነት መመሪያ

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ብየዳ ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። የምንዘጋው በር፣ የምንከፍተው መስኮት፣ የምንደገፈው የደረጃ ብረት፣ ተማሪው የሚቀመጥበት ወንበር ሁሉ የበያጅ እጅ አርፎበታል። ብየዳ ብዙ ወጣት ያለ ትልቅ ካፒታል ጀምሮት ቤተሰብ የሚያስተዳድርበት ሙያ ነው። ይህን እንጀራ ለማግኘት ግን በያጁ ከኤሌክትሪክ፣ ከእሳት፣ ከመርዛማ ጭስ፣ ዐይን ከሚጎዳ ብርሃንና ከሚሽከረከር ዲስክ ጋር ይውላል።

የብየዳ ጉዳት አንዱ ክፋቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ቀን የታየው ብርሃን ዐይንን የሚያቃጥለው ሌሊት ነው። ቀን የተሳበው የዚንክ ጭስ የሚያንቀጠቅጠው ማታ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመው ጭስ ደግሞ ሳንባን የሚጎዳው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ “ይኸው እስካሁን ምንም አልሆንኩም” የሚለው አባባል ለማንም ዋስትና አይሆንም። ጥንቃቄው መጀመር ያለበት ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሥራ ቀን ቅደም ተከተል ነው፤ ከጠዋቱ የቦታ ዝግጅት ይጀምርና በባለቤቱ ኃላፊነት ይጠናቀቃል።

1. የሥራ ቦታዎን ያዘጋጁ

ጠዋት በሩን እንደከፈቱ በመጀመሪያ ዙሪያዎን ይመልከቱ። ፍንጣሪ ከሚገመተው በላይ ይጓዛል። የእሳት መከላከያ ደንቦች ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ ከብየዳው ቦታ ቢያንስ 11 ሜትር እንዲርቅ የሚያዙትም ለዚህ ነው። ቀለም፣ ቲነር፣ ቤንዚን፣ ስፖንጅ፣ ካርቶን፣ ሰጋቱራና ዘይት የነካው ጨርቅ ከአካባቢው ይውጡ። ቤትዎ ጠባብ ሆኖ 11 ሜትር ከሌለዎት፣ ማንሳት ያልቻሉትን ነገር በላሜራ ወይም እሳት በማይበላው መሸፈኛ ይክደኑ። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ በር እየበየደ ሌላው በስፕሬይ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ሁለቱን ሥራዎች በሰዓት ይለያዩ። የቲነር ትነት በዐይን አይታይም፤ ፍንጣሪ ካገኘው ግን ይቀጣጠላል።

ወለሉ ደረቅ ይሁን። የኤሌክትሮድ ቁራጭ ከእግር ስር ይጠረግ፤ ተንከባሎ ሰው ይጥላልና። የወለልና የግድግዳ ስንጥቆችን ይድፈኑ፤ ፍንጣሪ በስንጥቅ ገብቶ ከጀርባ ያለውን ነገር ማንም ሳያይ ሊያቀጣጥል ይችላል። በዱቄት የሚሠራ የእሳት ማጥፊያ ይግዙና መውጫው በር አጠገብ ይስቀሉት። ከኋላ ጥግ ከተሰቀለ እሳቱ ሲነሳ በእሳቱ ውስጥ አልፈው ማምጣት ሊኖርብዎት ነው። የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ ይመልከቱ፤ አጠገቡም አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ያስቀምጡ።

መንገድ ዳር የሚሠሩ ከሆነ አላፊ አግዳሚውም የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ሕፃናት ያንን ደማቅ ብርሃን ቆመው ያያሉ፤ የጎረቤት ሱቅ ሻጭም ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይውላል። ከላሜራ ወይም እሳት ከሚቋቋም ወፍራም መጋረጃ መከለያ ሠርተው መንገዱን ይጋርዱ። የውስጡን ግድግዳ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቀለም አይቀቡት፤ ነጩ ብርሃኑን መልሶ ከጎንና ከኋላ ያመጣዋል። የደበዘዘ ጠቆር ያለ ቀለም ይሻላል።

2. ኤሌክትሪኩን ይፈትሹ

ብየዳ ማሽኑ ከግድግዳው 220 ቮልት ይቀበላል። ወደ ኤሌክትሮዱ የሚሄደው ግን ሳይበየድ በቆመበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ቮልት ነው። “ይህማ አይገድልም” የሚል ግምት ብዙ ቦታ አለ። የደረቀ እጅ ላይ ላይገድል ይችላል። በላብ የራሰ ልብስ ለብሶ፣ እርጥብ መሬት ወይም ብረት ላይ ተቀምጦ ኤሌክትሮድ በባዶ እጅ የሚቀይር ሰው ግን በዚሁ ቮልት ሊሞት ይችላል።

በየቀኑ ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት የሚከተሉትን ይፈትሹ፦

- ገመዱ ከማሽኑ እስከ ኤሌክትሮድ መያዣው የተላጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቦታ እንዳይኖረው። የተላጠ ገመድ ይቀየራል።
- ኤሌክትሮድ መያዣው ላይ ያለው መከላከያ እንዳልተሰበረ። የጋለ መያዣ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማቀዝቀዝ ክልክል ነው።
- ማሽኑ በትክክለኛ ስፒና እንደተሰካ። ሁለት ባዶ ሽቦ ሶኬት ውስጥ ሰክቶ በእንጨት መወጠር፣ ወይም በቀጭን ማከፋፈያ ማሽን ማስነሳት የእሳትና የሞት ምክንያት ነው።
- የማሽኑ ቆርቆሮ ከመሬት መስመር ጋር እንደተያያዘ። ብረት ላይ የሚነክሰው መመለሻ ገመድ የዚህ ምትክ አይደለም፤ ሥራቸው የተለያየ ነው። በአገር ውስጥ የተጠመዘዙ ማሽኖች ላይ ይህ መስመር ጨርሶ ላይኖር ስለሚችል በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስገጥሙት።
- ግራይንደርና ድሪል የሚሰኩበት መስመር በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር እንዳለው። መደበኛው ብሬከር ሽቦውን ከመቃጠል ያድናል እንጂ ሰውን ከመያዝ አያድንም።

መመለሻውን ገመድ በሚበየደው ብረት ላይ፣ ዝገቱና ቀለሙ በተፋቀበት ቦታ፣ ለሥራው ቅርብ አድርገው ያስነክሱ። ከሕንፃ ፌሮ ወይም ከውኃ ቧንቧ ጋር አያያይዙት። መኪና ላይ ሲበይዱ በመጀመሪያ ባትሪውን ይፍቱ። ገመዱን ትከሻ ላይ አይጠምጥሙ፤ ኤሌክትሮድ መያዣውን ብብት ስር አይያዙ። ዝናብ ሲጥል የውጭ ብየዳ ይቁም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቱቦላሬ ርዝመቱ 6 ሜትር ነው። በየሰፈሩ በላያችን የሚያልፉት የመካከለኛ ቮልት መስመሮች 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት የተሸከሙ ናቸው። ብረቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ፎቅ ማሳለፍ፣ ጣሪያ ላይ ሆኖም ማዞር ሕይወት ያጠፋል። ሽቦው ባይነካ እንኳ በጣም ሲቀርቡት ኤሌክትሪኩ ዘሎ ሊይዝ ይችላል። ረጅም ብረት አግድም ይዛችሁ ለሁለት ተሸከሙ፤ ከመስመሩም ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። ሥራው ከዚያ በላይ መቅረብን የሚጠይቅ ከሆነ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመሩን እስኪያጠፋ ይጠበቃል።

3. የሚለብሱትን ይምረጡ

ናይለንና ፖሊስተር ሲቃጠሉ ቀልጠው ከቆዳ ጋር ይጣበቃሉ። ከጥጥ የተሠራ ወፍራም ቱታ ወይም ጂንስ ይልበሱ። እጅጌው እስከ አንጓ ይድረስ፣ የአንገት ቁልፍ ይዘጋ። የሱሪው እግር ጫማውን ከላይ ይሸፍነው፤ ጫፉ ከታጠፈ ፍንጣሪ ያጠራቅማል። በነጠላ ጫማና በሸራ ጫማ አይበየድም፤ የሚቀልጠው ጠብታ የሚወድቀው እግር ላይ ነውና የቆዳ ቦት ያስፈልጋል። ጓንቱ የቆዳና ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ጓንት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከራስ በላይ ሲበይዱ የቆዳ ሽርጥና የጨርቅ ቆብ ይጨምሩ። ላይተር ኪስዎ ውስጥ አይኑር፤ ፍንጣሪ ከበሳው ጋዙ ሰውነትዎ ላይ ይቀጣጠላል።

ፀሐይ እንደሚያደርገው ሁሉ የብየዳ ብርሃንም የተጋለጠ ቆዳን ይጠብሳል። አንገትና ክንድ መሸፈን ያለበት ለፍንጣሪው ብቻ አይደለም።

4. ዐይንዎን ለአንድ ነጥብም አይስጡ

ብዙ ዐይን የሚጎዳው ረጅሙ መስመር ሲበየድ አይደለም፤ ያኔ ማስክ ይደረጋል። የሚጎዳው “ነጥብ ብቻ ነው” ተብሎ ዐይን ጨፍኖ ወይም ፊት አዙሮ በሚበየድበት ጊዜ ነው። በር የሚሠራ ሰው በቀን ብዙ ነጥብ ይመታል፤ የእነዚያ ሁሉ ብርሃን ይደመራል። የዐይን ቆብም አልትራቫዮሌት ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

የዚህ ልማድ ዋና ተጎጂ ረዳቱ ነው። ብረቱን ይዞ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ የሚቆመው ለማጅ የራሱ ማስክ ሊኖረው ይገባል። ሁለት ሰው ለሚሠራው ሥራ ሁለት ማስክ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ማስክ ከሌለ ብረቱን ሞርሳ ወይም ማሰሪያ ይያዘው፤ ሰው አይያዘው።

የመስታወቱ ቁጥር ለሥራው የሚመጥን ይሁን። በኤሌክትሮድ ለሚሠራ የተለመደ ብየዳ ከ10 እስከ 12 ያለው ቁጥር ተገቢ ነው፤ አምፔሩ ከፍ ሲል ቁጥሩም ከፍ ይላል። በኦክስጅንና አሴቲሊን ለመቁረጥና ለመበየድ ከ4 እስከ 6 ያለው ይበቃል። የፀሐይ መነጽር ወይም ሁለት ተደራርበው የተደረጉ ጥቁር መነጽሮች የብየዳ መስታወትን አይተኩም። ብርሃን ሲያይ ራሱ የሚጠቁረውን ማስክ ከሥራ በፊት ወደ ሰማይ ወይም ወደ መብራት አዙረው ይሞክሩ፤ ካልጠቆረ ባትሪውን ይቀይሩ።

ከማስኩ ስር ነጭ መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ቅርፊቱን ለማራገፍ ማስክ ሲያነሱ ወደ ዐይን የሚፈናጠረው የጋለ ስባሪ በዚህ መነጽር ነው የሚመከተው።

5. የሚበይዱት ብረት ምን እንደሆነ ይወቁ

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳን ጭስና ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር በሰው ላይ ካንሰር በሚያመጡ ነገሮች አንደኛ ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። በሁሉም ብረት ጭስ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች ያሉት ግን የበለጠ ያሳስባሉ።

ዚንክ የተለበጠ ብረት (ጋልቫናይዝድ)። ሲበየድ ነጭ ወፍራም ጭስ ያወጣል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጥማት፣ ሳልና የብረት ጣዕም በአፍ ውስጥ ይከተላሉ። ይህ የብረት ትኩሳት ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን ወባ ወይም ጉንፋን ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ሰውነት በየቀኑ ሲጋለጥ የተላመደ ይመስልና እሑድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ ሕመሙ እንደገና ይነሳል። መፍትሔው ከመበየድ በፊት ልባጩን ከመስመሩ ግራና ቀኝ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር በግራይንደር መፋቅ፣ ለዚያም የአፍንጫና የአፍ መከላከያ ማድረግ ነው።

ስቴንለስ ስቲል። በጭሱ ውስጥ ክሮሚየምና ኒኬል አለ፤ ሁለቱም ከካንሰር ጋር የተያያዙ ናቸው። ክፍት ቦታ ብቻውን አይበቃም፤ ጭሱን ከምንጩ የሚስብ መሳቢያ ያስፈልጋል።

ቀለም የተቀባ አሮጌ ብረት። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። መበየጃውን ቦታ ራቁቱን እስኪወጣ ይፋቁ።

በኬሚካል የታጠበ ብረት። ክሎሪን ያለባቸው ቅባት ማጽጃዎች፣ ለምሳሌ አንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬዮች፣ በብየዳው ሙቀትና ጨረር ፎስጂን ወደሚባል ገዳይ ጋዝ ይለወጣሉ። እንዲህ ባለው ነገር የተነካ ብረት አይበየድም። በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ሲደርቅ ነው የሚበየደው።

ራስዎን ከሚወጣው ጭስ ውጭ አድርገው ይቀመጡ፤ ጎንበስ ብለው ፊትዎን ከብየዳው በላይ አያኑሩ። ነፋሱ ወይም ቬንቲሌተሩ ከጎን ይምጣ። ከጀርባ የሚመጣ ነፋስ ጭሱን ፊትዎ ላይ አዙሮ ያመጣዋል። የጨርቅ ማስክና የሐኪም ቤት ሰማያዊ ማስክ የብረት ጭስን አያቆሙም፤ ቢያንስ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የተባለው፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ይሁን።

ስለ ወተትም እንነጋገር። በሙያው ውስጥ ወተት የጠጣ በያጅ ጭሱ አይጎዳውም የሚል እምነት ሥር ሰዷል፤ በየቀኑ ወተት የሚያቀርቡ ባለቤቶችም ደግ ሐሳብ ነው ያላቸው። ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጣ። ነገር ግን የሚገባው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ የሚገባው ደግሞ ወደ ሳንባ ነው። ወተት ሳንባ ውስጥ የገባ ብረት አያጥብም። ለወተቱ የሚወጣው ገንዘብ ትክክለኛ ማስክ ቢገዛ ኖሮ ሠራተኛውን ያድነው ነበር።

6. ኦክስጅንና አሴቲሊን ካለዎት

የኦክስጅን ሲሊንደር ቫልቭ፣ ሬጉሌተርም ሆነ ቱቦ ዘይትና ግሪስ አይንካው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከቅባት ጋር ሲገናኝ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ጋራዥ ውስጥ ይህ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ እጁ ዘይት የነካ ሰው መጀመሪያ ይታጠብ። በኦክስጅን አቧራ ከልብስ ማራገፍ ወይም የታፈነ ክፍል ማናፈስ ክልክል ነው። ኦክስጅን የጠጣ ልብስ በአንዲት ፍንጣሪ ይነዳል።

አሴቲሊን በትንሽ አየርም በብዙ አየርም ይፈነዳል። ግፊቱን ከ1 ባር በላይ አያውጡት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ለመስመሩ የመዳብ ቱቦ አይጠቀሙ፤ አሴቲሊን ከመዳብ ጋር ፈንጂ ውሕድ ይሠራል። ካርባይድ በውኃ እየቀላቀሉ ጋዙን ራስዎ የሚያመርቱ ከሆነ ማመንጫው ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይቀመጥ። የካርባይዱ ጣሳ ከእርጥበት ተጠብቆ ይከደን። ዝቃጩም ገና ጋዝ ስለሚያወጣ በሜዳ ላይ እንጂ በቱቦ ውስጥ አይፈስም።

ሲሊንደሮቹ ቀጥ ብለው ቆመው ከግድግዳ ወይም ከጋሪ ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ። በመጋዘን ሲቀመጡ ኦክስጅኑና አሴቲሊኑ ቢያንስ 6 ሜትር ይራራቁ፣ ወይም እሳት በሚቋቋም ግድግዳ ይለዩ። በሁለቱም መስመር ላይ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ይግጠሙ። ጋዝ መፍሰሱን የሚፈትሹት በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ሕይወቱን ያስይዛል። ቶርቹን በብልጭታ ማቀጣጠያ እንጂ በላይተር አያቀጣጥሉ። እሳቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ካፏጨ ኦክስጅኑን ወዲያው፣ ቀጥሎም አሴቲሊኑን ይዝጉ። የአሴቲሊን ሲሊንደር ራሱ ከሞቀ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ይጠሩ።

7. ግራይንደሩን አይናቁት

ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ፍጥነት ከግራይንደሩ ፍጥነት ማነስ የለበትም። አብዛኛው 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር፣ 230 ሚሊ ሜትሩ ግን እስከ 6,600 ዙር ብቻ ይችላል። ትልቁን ዲስክ ለማስገባት ሲባል የትንሹን ግራይንደር ሽፋን ማውለቅ የተለመደ ነው። ዲስኩ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ይፈነዳል፤ ስባሪውም ፊትና አንገት ይቆርጣል። ሽፋኑ አይወለቅ። የተሰነጠቀ፣ ውኃ የጠጣ ወይም ላዩ ላይ የተጻፈው ጊዜ ያለፈበት ዲስክ ይጣል። መቁረጫ ዲስክ በጎኑ አይፈጭም። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ያድርጉ፤ አጠገብዎ ያለውን ሰው በጩኸት ካልሆነ ማናገር ካልቻሉ ድምፁ ጆሮ ይጎዳል ማለት ነው። ዲስክ ሲቀይሩ ስፒናውን ይንቀሉ።

8. “አይሆንም” የሚባልበትን ሥራ ይወቁ

ጥሩ በያጅ የሚታወቀው በሚሠራው ብቻ ሳይሆን እምቢ በሚለውም ነው። ደንበኛ ቢቸኩልም፣ ጎረቤት “እኔ እሠራዋለሁ” ቢልም በእነዚህ ላይ አይደራደሩ።

ነዳጅ፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል። መርካቶ ምን አለሽ ተራን የመሰለ ቦታ ሁሉ በርሜል ይቆረጣል፤ ምድጃና ገንዳም ይወጣዋል። ባዶ በርሜል ባዶ አይደለም፤ ትነቱ ውስጡ አለ። “ናፍጣ አይፈነዳም” የሚለውም ስሕተት ነው። የጋለ ብረት የናፍጣና የዘይት ቅሪትን ወደ ትነት ይለውጣል፤ ያ ትነት ይፈነዳል። ከተቻለ በእሳት ሳይሆን በመዶሻና በመሮ ይቆረጥ፤ እሱም ቢሆን በርሜሉ በፈላ ውኃና በሳሙና ደጋግሞ ከታጠበ በኋላ ውኃ ተሞልቶ ነው። የቦቴና የመኪና ነዳጅ ታንክ ብየዳ ትነቱን በመሣሪያ ለክቶ ባዶነቱን ለሚያረጋግጥ ባለሙያ ይተው።

ጎማ የተገጠመበት ቸርኬ። ቸርኬ ሲሞቅ የተገጠመበት ጎማ ጋዝ ያመነጫል፤ ጎማው ከዚያ ይፈነዳል። አየሩን ማስተንፈስ አይበቃም፤ ፍንዳታው እሳቱ ከቆመ በኋላም ሊመጣ ይችላል። ጎማው ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ቸርኬ አይበየድም። ጎሚስታዎችም ይህን ይወቁ።

ሁለቱም ጫፉ የተዘጋ ቱቦ ወይም ቱቦላሬ። ውስጡ ያለ አየርና እርጥበት ሲሞቅ ይወጥራል። መተንፈሻ ቀዳዳ ሳይበሱ አይበይዱ።

የታፈነ ቦታ። ታንከር፣ ጉድጓድ ወይም ጠባብ ክፍል ውስጥ ጭሱ ይከማቻል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በአርጎን የሚሠራ ብየዳ ደግሞ ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰውን ሳያስታውቅ ይገድላል። አየር የሚነፋ ማሽን ሳይኖርና ውጭ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሳይመደብ አይግቡ። ጓደኛዎ ውስጥ ቢወድቅ ሮጠው አይግቡ፤ ሁለተኛው ሟች ብዙ ጊዜ አዳኙ ነው። በገመድ ይጎትቱት፣ እርዳታ ይጥሩ።

ከፍታ ላይ ሲሠሩ የደኅንነት ቀበቶ ከጠንካራ ነገር ጋር ይታሰር፣ ከስር ያለው ቦታም ይከለል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት መሬት ላይ ቢያስደነግጥ ነው፤ ጣሪያ ላይ ግን ይጥላል።

9. ሥራው ሲያልቅ ቶሎ አይሂዱ

የብየዳ ቤት እሳት ሠራተኛው ከሄደ በኋላም ሊነሳ ይችላል፤ ፍንጣሪ በጨርቅ ወይም በሰጋቱራ ውስጥ ሳይነድ እየጨሰ ይቆያልና። ከመጨረሻው ብየዳ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል አንድ ሰዓት አንድ ሰው ይቆይ። ስለዚህ የቀኑ የመጨረሻ ሥራ ብየዳ ሳይሆን ጽዳት ይሁን። ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፤ የሲሊንደሮቹን ቫልቭ ዘግተው በቱቦ ውስጥ የቀረውን ጋዝ ያስወጡ። የጋለ ብረት ላይ “ትኩስ” ብለው በጠመኔ ይጻፉ። ከምሳ በፊትና ወደ ቤት ከመሄድዎ በፊት እጅና ፊትዎን ይታጠቡ፤ ቱታውን ልጆች ካሉበት ቤት አይውሰዱት።

10. አደጋ ሲደርስ

ዐይን በብርሃን ሲቃጠል። አሸዋ የገባ ያህል መቆርቆርና ማልቀስ ከሰዓታት በኋላ ይጀምራል። አይሹት። ጨለማ ክፍል፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅና የሕመም ማስታገሻ ያስታግሱታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ24 እስከ 48 ሰዓት ይድናል። ድንች፣ ማርና የእናት ጡት ወተት ዐይን ውስጥ አይግቡ፤ ጀርም ያስገባሉ። የሚያደነዝዝ የዐይን ጠብታ ገዝተው አይጠቀሙ፤ ሲደጋገም የዐይንን የፊት ሽፋን (ኮርኒያ) ይጎዳል። ሕመሙ ካልቀነሰ ወይም እይታ ከደበዘዘ ሐኪም ይየው።

ዐይን ውስጥ የብረት ስባሪ ሲገባ። ጓደኛ በክብሪት እንጨት ወይም በጨርቅ ጫፍ አያውጣው። በንጹሕ ውኃ ከታጠበ በኋላ ካልወጣ ዐይኑን ሳይጫኑ ሸፍነው ጤና ተቋም ይሂዱ።

ቃጠሎ። ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ስር ያኑሩት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና ቡና አይቀባም። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ኤሌክትሪክ ሲይዝ። ሰውየውን ከመንካት በፊት ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፤ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ገመዱን ያርቁ። ካልተነፈሰ ደረቱ መካከል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንክረው ይጫኑ፣ እርዳታ እስኪመጣም አያቋርጡ። ተነስቶ “ደኅና ነኝ” ቢልም ሐኪም ይየው፤ የልብ ምቱ በኋላ ሊዛባ ይችላል።

ጭስ ሲያፍን። ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት። ከትኩሳት ጋር የትንፋሽ ማጠር ካለ የብረት ትኩሳት ነው ብለው አይጠብቁ፤ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት ስልክ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። በትልቅ ፊደል ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉ።

11. ለብየዳ ቤት ባለቤት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዛል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ሠራተኛውም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ ከገባ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መመሪያው በቃል ብቻ አይቅር፤ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ለአዲስ ሠራተኛም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይነበብለት። ሕጉ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ወጣቶችም ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ማሠራትን አይፈቅድም፤ የሥራ ሰዓታቸውም በቀን ከ7 አይበልጥም። ለማጁ የሰው ልጅ ነው፤ ሲያረጅም ዐይኑና ሳንባው ያስፈልጉታል።

“ገንዘቡ ከየት ይምጣ?” የሚል ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ዋጋ አወጣጥ ላይ ነው። ለዓመት የሚያስፈልጉትን የማስክ መስታወት፣ ጓንት፣ የጭስ መከላከያ፣ መነጽርና የእሳት ማጥፊያ ሙሊት ደምረው በዓመት ለሚሠሯቸው በሮችና መስኮቶች ያካፍሉት። ለአንድ በር የሚደርሰው ድርሻ ከኤሌክትሮዱ ወጪ ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ነው። ኤሌክትሮድንና ዲስክን በዋጋው ውስጥ እንደሚያስገቡ ሁሉ ጓንቱንና ማስኩንም ያስገቡ።

ዛሬውኑ ሦስት ነገር ያድርጉ፦ ለረዳትዎ ማስክ ይግዙለት፣ የተላጠውን ገመድ ይቀይሩ፣ እሳት ማጥፊያውን በሩ አጠገብ ይስቀሉ። የቀረውን በየሳምንቱ አንድ አንድ እያሉ ያሟሉት። ማንም በያጅ እንጀራውን ለማብሰል ዐይኑን ወይም ትንፋሹን መክፈል የለበትም።